ጭራው እስኪያልፍ

ጁን 4፣ 1983፣ ለንደን

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ኖሊን ናት፣ አውሮፕላኑ ውስጥ። «ሆድህ ውስጥ ከምታምቀው እዚህ ላይ ተንፍሰው» አለችኝ። እህቴ እንዲህ ናት፤ ለሁሉም ሰው መድኃኒት ታዛለች። እሺ፣ ይኸው ተነፈስኩ።

ዛሬ ሞተሮቹን ተረከብን። አምስት ያገለገሉ ሞተሮች ናቸው፤ በኦገስት ወደ ኒውዚላንድ ስንመለስ ሻጩ መልሶ ይወስዳቸዋል። ምርጡ ለአባባ ሆነ። ቀለል ያለው ለኖሊን። ትልቁ ለባሏ ለመርቭ፤ መርቭ ትልቅ ነገር ካልጋለበ ሰው የሆነ አይመስለውም። ደህናው ለክሊፍ፤ እሱ የወተት መኪና ነጂ ነው፣ የክለባችን ቀልደኛ። ለእኔ የተረፈው ደረሰኝ፤ ካቴናው የላላ፣ ካንዴላው የጠቆረ። «አንተ መካኒክ አይደለህ? ታበጀዋለህ» አለ አባባ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። የተበላሸ ነገር ሁሉ መንገዱ ወደ እኔ ነው።

ጁን 6

ቁርስ ላይ አባባ ደንቡን አነበበልን። ሃያ ዓመት ሙሉ የምናውቀውን ደንብ! የከተማችንን፣ የኦማሩን ሞተረኞች ክለብ የመሠረተው እሱ ስለሆነ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ደንቡ ይሄ ነው። አንድ ሰው ይመራል። መንገድ በተገነጠለ ቁጥር ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው እዚያው ይቆምና ለኋለኞቹ አቅጣጫ ያሳያል። ሁሉም ካለፉ በኋላ የመጨረሻው ይመጣል፤ ጭራ እንለዋለን። ጭራውን በዓይኑ ሳያይ ማንም ከመገንጠያው ንቅንቅ አይልም። ቢዘንብም፣ ቢመሽም፣ እናቱ ብትጠራውም። እንዲህ ከተደረገ ሰው አይጠፋም።

ይህን ያመጣው ከሐዲድ ላይ ነው። አርባ ዓመት ባቡር የሚያሳልፍ የምልክት ቤት ሠራተኛ ነበር። ከመጨረሻው ፉርጎ ኋላ የምትንጠለጠለውን ቀይ ፋኖስ ካላየ ባቡሩ አለፈ ብሎ መዝገቡ ላይ አይጽፍም። ፋኖሷ ከሌለች ግማሹ ባቡር ተበጥሶ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናላ! ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው፣ ግን ዛሬም ኪሱ ውስጥ ትንሽ መዝገብ አለችው። ሌላው ሰው ፎቶ ያነሳል፤ እሱ ማን በስንት ሰዓት እንዳለፈ ይጽፋል።

ጭራው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ። መፍቻዎቹን የምሸከም እኔ ስለሆንኩ ነው ይላሉ። ይባስ ብሎ እውነተኛዋን የባቡር ፋኖስ ከኦማሩ ድረስ በሻንጣው ይዞ መጥቶ ከመቀመጫዬ ኋላ አሰረልኝ። ክሊፍ በሳቅ ሊሞት።

ጁን 11፣ ዴቨን

ዝናብ። ጠባብ መንገድ፣ ግራ ቀኙ ቁጥቋጦ፣ ፊት ለፊት ትራክተር። መርቭ መራ። ካቴናዬ ሁለት ጊዜ ወለቀ። ያደርንበት ቤት ባለቤት፣ «ከአውስትራሊያ ናችሁ?» አባባ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። እዚህ አገር ከገባን ስድስተኛ ጊዜ ነው።

ጁን 19፣ ኮርንዎል

ዛሬ ተራው የኖሊን ነበር። ሦስት ጊዜ አሳሳተችን። በመጨረሻም የሰው ግቢ ውስጥ ከተተችን፤ አሳማዎች ዙሪያችንን ከበው አንዲት ሴትዮ በመጥረጊያ አባረረችን። አባባ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «የኔ ጎበዝ! እንግሊዝን ከጓሮዋ አሳየሽን!» አላት።

ያን ያደረግሁት እኔ ብሆን ኖሮ፣ እግዜር ያውቃል፣ እስከ ገና ይወራ ነበር።

እራት ላይ ሳቅ ባለበት ሰዓት ነው ብዬ «ነገ እኔ ልምራ እንጂ» አልኩት።

«ያንተ ቦታ ኋላ ነው።»

«ሁሉም መርቷል እኮ። ክሊፍ እንኳ መርቷል።»

«እንኳ ምን ማለት ነው?» አለ ክሊፍ።

«ሰውዬ፣ ብላ» አለኝ አባባ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ጁን 27

ክሊፍ መገንጠያው ላይ ቆሞ ሳለ አይስክሬም የሚሸጥ መኪና ሲያልፍ ተከትሎ ሄደ። የሃምሳ ዓመት ሰው! ስደርስ የለም። ደግነቱ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የጠፋሁት።

ስለዚህ ላቷ ወጣች። ደረቅ የጠቦት ላት ናት፣ አባባ በፌስታል ጠቅልሎ ይዟት ይዞራል። መገንጠያውን የለቀቀ ሰው ሄልሜቱ ላይ ታስራለት ሦስት ቀን ይነዳል። ሦስት ቀን ማንም በስሙ አይጠራውም፤ ጠቦት ነው የሚባለው፣ ባየነው ቁጥር እንደ በግ እንጮህበታለን። ነዳጅ ማደያ ላይ ሰዎች ቆመው እስኪያዩን ድረስ ጮህንበት። ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

እኔም አድርጌያታለሁ፣ የዛሬ አራት ዓመት። ጎማው የፈነዳበት ሰው ልረዳ ነበር የሄድኩት። አባባ ምክንያት አይሰማም። «ሰውየው ሌላ ሰው ያገኝ ነበር፤ መገንጠያው ግን ካንተ ሌላ ሰው አልነበረውም» ነበር ያለኝ። በገዛ እጁ አሰረልኝ።

ጁላይ 3፣ ደርቢሸር

ዛሬ የእንጨት በር ያለው የባቡር ማቋረጫ ላይ ቆመን ነበር። ባቡሩ እስኪያልፍ። አባባ መዝገቡን አውጥቶ የሰው አገር ባቡር ሰዓት ጻፈ። አሁን ሁሉም ካርታ እየተጫወቱ ነው፣ እኔ ደክሞኛል ብዬ ገባሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኦማሩ አጠገብ፣ ምልክት ቤቱ ካለበት በታች፣ እንዲህ ያለ በር ነበረ። «እዚህ ቁም። የአሥር ሰዓቱ ባቡር ሲያልፍ ወደ ቤት ትሄዳለህ» አለኝ አባባ። ምን አጥፍቼ እንደነበር ረስቼዋለሁ። ቆምኩ። ባቡሩ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ኖሮ ሳይመጣ ቀረ። እኔ አላወቅሁም። ጨለመ። ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። እናቴ በባትሪ ፈልጋ አገኘችኝ። ቤት ስንገባ እየጮኸችበት እሱ ሾርባውን ይበላል። «ልጁ ሥራውን ሠራ፤ ምን ሆነ?» አላት።

ባቡሩ እንደማይመጣ ግን ያውቅ ነበር። ስልክ አለው። ከላይ ከመስኮቱ ደግሞ በሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር ማለት ነው።

ቂም አይደለም። በሩን ሳይ ትዝ አለኝ፣ በቃ።

ጁላይ 8

ክላቹ ያንሸራትታል። ጀርባዬን አሞኛል። ጭስ በላሁ፣ የአራት ሰው ጭስ፤ የጭራ ምሳ ይሄው ነው። ኖሊን ዛሬም መራች። ማሰብ አልፈልግም።

ጁላይ 12፣ ዮርክሸር

ሳምንት ሙሉ ካርታ ሳጠና ነበር። የነገውን መንገድ እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ። ገላጣ ተራራ ነው፤ ላይኛው ዋና መንገድ በጀርባው ሄዶ አናቱ ላይ ይገነጠላል፣ ታችኛው፣ መንገድ የማይባል ጠባብ መተላለፊያ፣ ከዚያ መገንጠያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቀድሞ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ሁለቱም እዚያው ሆውስ ከተማ ይገባሉ። ትልቁ የድንጋይ የባቡር ድልድይም እዚያው አካባቢ ነው። ለአባባ ላሳየው ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ደስ ይለዋል ብዬ።

ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ቆማ ታያለች። «ነገ እኔ ልምራችሁ። አንድ ቀን ብቻ» አልኩት። ለመንኩት ማለት ይሻላል።

ካርታውን አጠፈና መለሰልኝ። «ለመምራት አልተፈጠርክም፣ ግሬም። ነገ መርቭ ነው።»

ወይዘሮዋ ዓይኗን ሰበረች። ያ ነው አንጀቴን ያሳረረው፤ እሷ ማዘኗ። ቆይቼ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ማዕድ ቤት ውስጥ ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። «ልጅዎን አስከፉት» አለችው። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሱ ኋላ ካለ እኔ ዞሬም አላይ።» በቃ፣ ከአፉ ሰማሁት። ዞሮ እንኳ አያየኝም።

ጁላይ 13፣ ሆውስ

ገብቻለሁ። ዘጠኝ ተኩል ነው። ጉም ነበር። መገንጠያው አልታየኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ዛሬ ከመሪው ቀጥሎ ስለነበር ላይኛው መገንጠያ ላይ ቆሟል። ኖሊንና ክሊፍ አልፈውታል። እኔ ካቴናዬን ላጠብቅ ቆሜ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። ከዚያ በስህተት ታችኛውን መንገድ ያዝኩ። በስህተት።

በር ላይ መርቭ «ጭራው ገባ!» ብሎ ጮኸ። ጭራው ከገባ ሁሉም ገባ ማለት ነው። ኖሊን ግን ወደ ኋላዬ አየች። «አባዬስ?»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ድልድዩን ሊያይ ሄደ» አልኳት። «አትጠብቁኝ፣ ብሉ ብሏል።» ድልድይና ሐዲድ ካለ አባባን ማን ያቆመዋል? አመኑኝ።

አሥር ሰዓት። ሞተር አለው እኮ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ሕፃን አይደለም። ሲሰለቸው ተናዶ ይመጣል። ይናደድ። ፊቱን ማየት ነው የምፈልገው።

አሥራ አንድ። የሥጋ ኬክ በላን። ክሊፍ የአባባን ድርሻ ሊበላ ሲል ኖሊን እጁን መታችው። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድበዋል። እዚህ አገር ይሄን በጋ ይሉታል።

አሥራ ሁለት። አሁን ልሂድ ብል ምን ብዬ ነው የምነሳው? ድልድዩ ጋ ነው ብያለሁ። እጁን ካነሳ በኋላ እንኳ ጥቂት ጠብቆ ቢመጣ ምን ነበረበት? ግትር ነው። ይሄ ሁሉ ግትርነት ነው። በራሱ ላይ ያመጣው ነው።

አንድ ሰዓት። ኖሊን መጣች። «በትክክል ምን ብሎህ ነበር?»

«ነገርኩሽ እኮ!»

«ለምን ትጮህብኛለህ?»

አልጮህኩም። የዝናብ ልብሷን ለበሰች። መርቭ «ሽማግሌው ድልድይ ሥር ተጠልሎ ፉርጎ ይቆጥራል፤ ተቀመጪ» አላት። አልሰማችውም። ከበሩ ስትወጣ «መገንጠያውንም እዪው» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ጁላይ 14

እዚያው ቆሞ ነበር። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ አገኘችው። ከአምስት ሰዓት በላይ። ቢጫውን ልብስ ለብሶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ምሰሶውን ይዞ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል አለችኝ፣ ጣቶቹን ከምሰሶው አንድ በአንድ ነው ያላቀቀችለት።

«‹ግሬም እኮ ድልድዩ ጋ ነህ ብሎን ነበር› አልኩት» አለችኝ። «አየኝ አየኝና ‹ድልድዩ?› አለ። ከዚያ ‹አዎ። ድልድዩ ጋ ሄጄ ነበር። መገንጠያዬን ለቅቄ ሄድኩ። ስመለስ ጭራው አልፎ ነበር መሰለኝ› አለኝ። ግሬም፣ አባዬ መገንጠያውን ለቀቀ! ታምናለህ?»

«እርጅና ነው» አልኳት።

ጠዋት ቁርስ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እንቁላሉን አልነካውም። ጨው አቀብለኝ አለኝ፤ አቀበልኩት።

ጁላይ 15

ክሊፍ ነው በአባባ ላይ የጀመረው። «ጋሼ ሰልዊን፣ ደንብ ደንብ ነው! እኔ በአይስክሬም ሦስት ቀን ለብሻለሁ!»

«ተዉት፣ ያስለዋል» አለች ኖሊን።

«ምክንያት አይሰማም፤ ማን ነበር እንዲህ የሚለው?» አለ መርቭ። ሃያ ዓመት ሲጠብቃት የነበረችው ቀን የመጣችለት ይመስላል። «ጭራው ይሰርለት!»

አባባ ራሱ ሄዶ ፌስታሉን አወጣ። ላቷን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሄልሜቱን አደረገና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። አንገቱ ቀጭን ሆኗል። አጥብቄ አሰርኩ፣ እንዳትወድቅ። «እሰር፣ እሰር፣ ጎበዝ» አለኝ በቀስታ። ሌሎቹ እንደ በግ ጮኹ። እኔ ሞተሬ ሥር ጎንበስ ብዬ ካቴናዬን ማጥበቅ ያዝኩ።

አንድ ነዳጅ ቀጂ ልጅ እየሳቀ «አያቴ፣ ምን ሆነው ነው?» ሲለው «ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ» አለው አባባ።

ጉም ነበር። ማንም ሰው አያይም ነበር።

ጁላይ 17

መብራት ይዞን ቆመን ሳለ አባባ ሞተሩ ላይ ወደ ጎን ዘመም ሲል ከኋላ አየሁት። ጭራ መሆን ለዚህ ይጠቅማል። ቀድሜ ዘልዬ ያዝኩት። ሰውነቱ እሳት ነው። ሆስፒታል አስገባነው። የሳንባ ምች ነው፣ በሁለቱም በኩል። ነርሷ ሄልሜቱን ስትቀበለኝ ላቷን አይታ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ጨዋታ ነው አልኳት።

ጁላይ 19

መርቭና ክሊፍ ቁጭ ብለው ማየት አቃታቸውና ሞተራቸውን ይዘው ወደ ለንደን ወረዱ። «ጭራው ይቆይ» አለ መርቭ ጓንቱን እያጠለቀ። እኔና ኖሊን ተራ ገብተን እንጠብቀዋለን።

ትኩሳቱ ሲወጣ መነሳት ይፈልጋል። ሁለት ነርሶች ይይዙታል። «ጭራው አለፈ?» ይላል። «ጭራውን አላየሁም። ሳላይ እንዴት ልተኛ?» እግሩን ከአልጋው ሊያወርድ ይታገላል።

ነርሷ ምን እንደሆነ አልገባትም። «የሚለውን እንጃ፣ ግን አለፈ በለውና ይረፍ» አለችኝ።

አጎንብሼ ጆሮው ውስጥ «አለፈ፣ አባባ» አልኩት። ዓይኑን ገለጠ። ትኩሳት አልነበረም እዚያ ዓይን ውስጥ። «ፋኖሷን አየሃት?» አለኝ።

አይቻለሁ አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አይደለም ነው ወይስ እሺ ነው፣ አልለየሁትም።

ጁላይ 20

ንገረው። ዛሬ ንገረው። ኖሊን ሻይ ልትጠጣ ስትወርድ ብቻችሁን ናችሁ።

ወረደች። ስለ ካቴናዬ አወራሁለት። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ካቴና!

ጁላይ 22

ሞተ። ጎህ ሳይቀድ። ተረኛዋ ኖሊን ነበረች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ ተኝቻለሁ። አልቀሰቀሰችኝም። ጊዜ አልነበረም አለች።

ዕቃውን በወረቀት ከረጢት ሰጡኝ። ሰዓቱ፣ መነጽሩ፣ የሞተሩ ቁልፍ፣ መዝገቡ። መዝገቡ በላስቲክ ስለተጠቀለለ ዝናብ አልነካውም። የጁላይ 13ን ገጽ ከፈትኩ። በእርሳስ፣ በዚያ ጥርት ባለ ጽሕፈቱ፦

8:50 ቆምኩ። መርቭ ቀጠለ። ዝናብ። ጉም የለም።
8:53 ኖሊን።
8:55 ክሊፍ።
9:07 ግሬም። በታችኛው መንገድ። እጄን አነሳሁ። እጁን አነሳ።
10:00 ጭራ አልመጣም።
11:00 ጭራ አልመጣም።
12:00 ጭራ አልመጣም።
1:00 ጭራ አልመጣም።
2:00 ጭራ አልመጣም።
2:20 ኖሊን መጣች። መገንጠያዬን ለቅቄ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የመጨረሻዋ በሌላ ቀን የተጻፈች ናት፤ ፊደሎቿ ተወላግደዋል። ያን ቀንም ነው መሰለኝ የ9:07ቷን መስመር የሰረዛት። አርባ ዓመት መዝገብ ላይ ሐሰት ያልጻፈ ሰው ነው። የባቡር መዝገብ ላይ ደግሞ መፋቅ ክልክል ነው፤ የተሳሳተው ነገር ላይ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሰመራል፣ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት። እንደዚያው ነው ያደረገው። አንድ መስመር። ሁሉም ይነበባል።

ገጹን ሊቀደው ይችል ነበር። ላጲስ ነበረው። ለምን አልፋቀውም? ለእኔ ብሎ ከዋሸ ለምን ጨርሶ አልዋሸም?

እኔስ አሁን ለምን አልቀደውም? ክብሪት አለኝ። ኖሊን አላየችውም።

ጁላይ 23

አልቀደድኩትም። ላጲስ ገዛሁ። ሳልከፍተው ኪሴ ውስጥ አለ።

ኖሊን ለሬሳው ወረቀት ስትፈርም ዋለች። ስትጨርስ «የአባዬ መዝገብ የታለ? ለቀብሩ ከእሱ አነብባለሁ። ሌላ ምን የጻፈው ነገር አለ?» አለች።

«ዕቃው ውስጥ ነው» አልኳት።

«ከነገ ወዲያ የቆመበትን ቦታ አሳየኝ። ያን ቀን ዝናብ ነበር፣ በቅጡ አላየሁትም። እዚያ ሆኜ ላንብበው።»

ጁላይ 25

መገንጠያው ላይ ነኝ። እንደሆነው እጽፋለሁ።

ኖሊን የአባባን ሞተር ይዛ ከኋላዬ መጣች። ስንነሳ «አንተ ምራ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ» አለችኝ። መራሁ። አርባ ኪሎ ሜትር፣ ፊቴ ማንም የለም፣ ጭስ የለም። ሃያ ዓመት የፈለግሁት ይሄ ነበር። አንዴም ወደ ኋላ ሳላይ መጣሁ።

ሰማዩ ንጹሕ ነው። ከዚህ ሆኖ ታችኛው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፣ አጥሩ ጥግ ያሉት በጎች ሳይቀሩ። እሷም አየችው።

መዝገቡን ሰጠኋት። ምሰሶው ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች፣ በጣቷ እየተከተለች፣ አንዳንዱን ጮክ ብላ። «ጁን 19። ኖሊን መራች። አሳማዎች።» ሳቀች፣ አለቀሰች። እኔ ቆሜ ገጾቹን እቆጥራለሁ። ጁላይ 3። ጁላይ 8። ጁላይ 12 ላይ ቆየች። «‹ግሬም ካርታ አሳየኝ። ጥሩ መንገድ ነው› ይላል» አለችኝ። እሱን እኔ አላነበብኩትም ነበር።

ገለበጠች። ጣቷ ቆመ።

«አባዬ እዚህ ላይ የሰረዘው ምንድን ነው?»

ላጲሱ ኪሴ ውስጥ ነው። ጉም ልላት እችላለሁ። አሞት ነበር፣ ቀባጥሮ ነው ልላት እችላለሁ።

«አንብቢው፤ ይነበባል» አልኳት።

አነበበች። ደግማ አነበበች። ወደ ታችኛው መንገድ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«እጅህን አነሳህ?»

«አነሳሁ።»

«ሰላም ብለኸው አለፍክ?»

«አዎ።»

«ከዚያ መጥተህ ኬክ በላህ።»

«አዎ፣ ኖሊን።»

«ላቷንም አሰርክለት።»

መመታት ፈልጌ ነበር። አልመታችኝም፣ አልጮኸችም። መዝገቡን በላስቲኩ ጠቀለለችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከሞተሬ ኋላ ሄዳ ቀይዋን ፋኖስ ፈታች፣ ገመዱ እምቢ ሲላት በጥርሷ። የአባባ ሞተር ላይ አሰረቻት። ሄልሜቷን አደረገች።

«እዚህ ቁም» አለችኝ። «እኔ እመጣለሁ።»

5:40 ኖሊን ሄደች። ጉም የለም።

5:52 ኖሊን በታችኛው መንገድ። ፋኖሷ ትታያለች። እጄን አነሳሁ። እሷ አላነሳችም።

7:00 አልመጣችም።

8:00 አልመጣችም። አንድ ገበሬ ትራክተሩን አቆመ። «ተበላሸብህ?» አለኝ። ሰው እየጠበቅሁ ነው አልኩት። «ከአውስትራሊያ ነህ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

9:00 አልመጣችም። ደመና።

10:00 ዝናብ። አልመጣችም።

11:00 አልመጣችም።

12:00 አልመጣችም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።